እህል ሳይሻሙን ዶሮ ማርባት፦ ስለ ጓሮ ዶሮ ቀለብና ስለ ተረፈ እንቁላል ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ብዙ ዓመት በግብርና የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ የሀበሻም የፈረንጅም ዶሮ አለኝ። ዛሬ ስለ ዶሮ ቀለብና ስለ እንቁላል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ስትጠይቁ ግን ስንት ዶሮ እንዳላችሁ፣ የሀበሻ ይሁኑ የፈረንጅ፣ ይለቀቁ ወይስ ይዘጋባቸው፣ አሁን ምን እንደሚበሉ ጻፉልኝ። "ዶሮዬ እምቢ አለች" ብቻ ከተባለ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ ልናገር፦ የሻገተ ነገር ለዶሮ አይሰጥም። እንጀራም ይሁን በቆሎ፣ ፋጉሎም (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የቅባት እህል) ይሁን ዳቦ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፤ ታገሱኝ።

አንድ ወጣት፣ ኩታበር፦ እትዬ እንደምን አሉ። ስድስት የሀበሻ ዶሮ አለኝ። ቀን ይለቀቃሉ። ጠዋት ጠዋት ስንዴ እበትንላቸዋለሁ። ስንዴው ተወደደብኝ፤ እንቁላሉም ያን ያህል አይደለም። ምኑን ልቀንስ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ አሟልተህ ነው የጠየቅከው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ከጣለች ወጓ ነው። ጥላ ጥላ ታቅፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች፣ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። ቦቫንስ ከምትባለው የፈረንጅ ጣይ ዶሮ ጋር አታወዳድራት።

ወደ ስንዴው ልምጣ። የምትለቀቅ ዶሮ ቀኑን ሙሉ የራሷን ቀለብ ትለቅማለች። ያንተ ሥራ የጎደላትን መሙላት ነው። የሚጎድላት ደግሞ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከመኸር በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ አውድማው ዳር ሁሉ ፍሬ ነው። ያኔ እህል መበተን ብክነት ነው። በጋው ሲጠና ሳሩ ይደርቃል፣ ትሉም ይጠፋል። ያኔ የሚጎድላት ፕሮቲን ነውና ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ስጣት። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ትሉና ለምለሙ ሞልቷል፤ እህል ግን ከሰውም ጎተራ አልቋል፣ መሬት ላይም የለም። እህሉን ለዚያ ጊዜ አስቀምጥላት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ስንዴ የሚበትን ሰው ግማሹን ጊዜ ገንዘቡን ነው የሚበትነው።

መጠኑ ለአንዷ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም ይበቃል፤ አንድ ጭብጥ ማለት ነው። ጠዋት አትስጥ። ጠዋት ጠግባ ከወጣች ጥላ ሥር ተኝታ ትውላለች። ማታ ወደ ቆጥ ስትመለስ ስጣት። ቀን ትለቅማለች፣ ማታ ደግሞ ቤቷን አትረሳም። ንጹሕ ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ መኖር አለበት። ዶሮ ከምትበላው እጥፍ ያህል ትጠጣለች። ውሃ ከጠፋባት ቀለቡ ቢትረፈረፍም እንቁላል የለም።

አንዲት እናት፣ ኮምቦልቻ፦ አሥራ ሁለት ቦቫንስ አሉኝ። ግቢዬ ጠባብ ስለሆነ ይዘጋባቸዋል። መኖ ስለተወደደብኝ ፉርሽካ ብቻ ነው የምሰጠው፤ ዱቄት ፋብሪካው ቅርቤ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ይጥሉ ነበር፣ አሁን ቀነሱ። የሚጥሉትም ቅርፊቱ ስስ ነው፣ እጄ ላይ ይሰበራል።

መልስ፦ እህቴ፣ ፉርሽካ ብቻውን ቀለብ አይሆንም። ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ካልሲየምማ የለውም ማለት ይቻላል። ቦቫንስ በዓመት እስከ 300 እንድትጥል ተደርጋ የተዳቀለች ናት። እያንዳንዱ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ከቀለቧ ካላገኘችው ከገዛ አጥንቷ ትቀንሳለች። ያም ሲያልቅባት መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ቀጥሎ እግሯ ይዝላል፣ በመጨረሻ መነሳት ያቅታታል። አንቺ ገና መጀመሪያው ላይ ነሽ። አብሽሪ፣ ይስተካከላል።

የሚዘጋባት ጣይ ዶሮ ምንም ስለማትለቅም በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ ቀለብ ያስፈልጋታል። 10 ኪሎ ያህል እቤትሽ እንዲህ ቀላቅዪ፦ የተከካ በቆሎ ወይም ነጭ ማሽላ 4 ኪሎ ተኩል፣ ፉርሽካ 1 ኪሎ ከ300 ግራም፣ የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ ከ300 ግራም፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 900 ግራም፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት 800 ግራም፣ ተቃጥሎ የተፈጨ አጥንት 150 ግራም፣ ጨው 40 ግራም። ፕሮቲኑ 16 በመቶ አካባቢ ይመጣል፤ ይበቃታል። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ አይሰጥም፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው። ኖራ ስል ደግሞ ድንጋዩ እንዳለ የተፈጨውን ነው። ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ጉሮሯቸውን ይልጠዋል።

ግቢ ስለማይወጡ ለምለም አያገኙም። በየቀኑ ጎመን ወይም አልፋልፋ በገመድ አስረሽ አንጠልጥዪላቸው፤ እየዘለሉ ይነጩታል። ፕሪሚክስ (ተቀላቅሎ የሚሸጥ የቪታሚንና የማዕድን ዱቄት) ካገኘሽም ጨምሪ። ይህ ሁሉ ለጣይ ነው። ለጫጩትና ለቄብ ይህን ያህል ኖራ ኩላሊት ይጎዳል።

አንድ አባል፣ ወልድያ፦ የእንቁላል ቅርፊት ከሰጠናቸው እንቁላላቸውን መብላት ይለምዳሉ እኮ!

መልስ፦ ግማሹን ቅርፊት እንዳለ ከወረወርክላቸው አዎ። በደንብ አድርቀህ በሙቀጫ ከወቀጥከው ምን እንደሆነ አያውቁትም። እንቁላል የሚበሉትም ብዙ ጊዜ ካልሲየም ሲጎድላቸው ነው።

አንዲት ወጣት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፦ እትዬ፣ ጎረቤታችን ጠላ ትሸጣለች፣ አተላውን ትደፋዋለች። ስምንት ሳሶ የሚባል የፈረንጅ ዶሮ አለኝ፣ ግቢ ውስጥ ይለቀቃሉ። ብሰጣቸው ይሰክራሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አተላ በየሰፈሩ በነፃ የሚደፋ ፕሮቲን ነው። ጠላ ሲጠመቅ እርሾው የሚበላው የእህሉን ስታርች ነው። ፕሮቲኑ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ በዚያ ላይ እርሾው ራሱ ይጨመርበታል። ስለዚህ የደረቀ አተላ ከተጠመቀበት ገብስ የበለጠ ፕሮቲን አለው። እርሾው ውስጥ ያለው የቢ ቪታሚን ደግሞ ሌላ ትርፍ ነው። እኛ አገር ለላምና ለበሬ እንጂ ለዶሮ ብዙ ሰው አያስበውም። ለኔ ይህ ትልቅ ቁጭት ነው፤ ፋጉሎ በውድ እየገዛን አጠገባችን ያለውን ቦይ ውስጥ እንደፋለን።

እርጥቡን እንዳለ ግን አትስጫቸው። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሳይመገቡበት ሆዳቸው ይወጠራል። አልኮልም አለበት፤ ካደረ ይሻግታል። እንዲህ አድርጊ። ጠላው በወረደ ዕለት ጠዋት ሂጂና ውሰጂ። በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀሽ ሸራ ላይ አስጪው፤ ውፍረቱ ከጣት አይብለጥ። ከላይ ደርቆ ሲነጣ አይሸውድሽ፤ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ጓል ይቀራል። እሱን በእጅሽ እየፈረፈርሽ አገላብጪው። በደህና የበጋ ፀሐይ ሁለት ቀን ይፈጃል። መድረቁን መዳፍሽ ይነግርሻል። ስታሺው ኮሽ ይላል እንጂ አይጣበቅም፤ ኮምጣጣው ሽታ ጠፍቶ የዳቦ ቅርፊት፣ የዳቦ ቅርፊት ይሸታል። ከዚያ በሰፌድ አበጥሪው፣ የጌሾው እንጨት ይውጣ።

ክረምት ላይ ደሴ ፀሐይ የለም። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢ ይገባል። ያኔ ለማድረቅ አትድከሚ። የተጨመቀውን በፉርሽካ ለውሰሽ በዚያው ቀን አብዪ፤ ያደረውን ጣዪው። መጠኑ ከጠቅላላ ቀለባቸው ከአምስት እጅ አንዱን አይለፍ፤ አሰሩ ብዙ ነው። ለጫጩት አይሆንም። ለጎረቤትሽ ደግሞ እንቁላል ይዘሽላት ሂጂ።

አንድ አባል፣ ኮምቦልቻ፦ የቢራ ፋብሪካው የገብስ ተረፈ ምርትስ?

መልስ፦ ያው ነው፣ አደራረቁም አንድ ነው። ግን እርጥቡ ከአራት እጁ ሦስቱ ውሃ ነው። መኪና ተከራይተህ ውሃ እንዳትጭን። ላም የሚያደልብ ጎረቤት ካስመጣ ከእሱ ላይ አንድ ባልዲ ጠይቅ።

አንድ አባል፣ ከሚሴ፦ አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። በአተላ የተመገበች ዶሮ እንቁላልዋ ለኛ እንዴት ነው?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ። ይህንን ሼሁን ነው መጠየቅ፤ እኔ የማውቀው ቀለቡን ነው።

አንድ አባል፣ ሐይቅ፦ ሦስት ቀን ለይቶ ንጹሕ ቀለብ ማብላት ነው የሚሉ ዑለማዎች አሉ። እኛ ቤት እንደዚያ ነው የሚደረገው።

አንድ አባል፣ ደሴ፦ እሱ እኮ ነጃሳ ለምትበላ ነው እንጂ ለአተላ ነው እንዴ? ዝም ብለህ አታደባልቅ።

አንድ አባል፣ ሐይቅ፦ የደባለቅኩት ነገር የለም። የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።

መልስ፦ ልጆች፣ ይህ በዚህ አይቋጭም፤ ለሚያውቁት እንተወው። የከሚሴው ወንድሜ፣ ልብህ ካልወደደው ተወው። የኑግ ፋጉሎ አለ፣ የከሪቦ ዝቃጭ አለ፣ እናንተ ቆላ ስለሆናችሁ ደግሞ ምስጥ አላችሁ። ምስጡን እመለስበታለሁ።

አንድ አባል፣ ደሴ፦ እንቁላል እንዲበዛልኝ ምን ልስጣቸው?

መልስ፦ ስንት ዶሮ? የምን ዝርያ? ዕድሜያቸው? አሁን ምን ይበላሉ? ከላይ ጽፌዋለሁ።

አንድ አባል፣ ቆቦ፦ አምስት ኩሮይለር የሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች አሉኝ፤ ማሽላ ነው የምሰጠው፣ የራሳችን ምርት ነው። እንቁላሉ ግን አስኳሉ ነጭ ሆነ። ሰው "የፈረንጅ እንቁላል ነው" እያለ አይገዛኝም።

መልስ፦ አስኳል የሚቀላው በቀለብ ነው። ማሽላና ነጭ በቆሎ ቀለሙ የላቸውም። ቢጫ በቆሎ፣ ጎመን፣ አልፋልፋ፣ የሽፈራው ቅጠል አላቸው። በየቀኑ ለምለም ስጣቸውና በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ታየዋለህ። ቀይ ማሽላ ከሆነ ደግሞ ታኒን ስላለው ፕሮቲኑን ይይዝባቸዋል፤ ነጩን ምረጥ።

አንድ አባል፣ መርሳ፦ ምንም ቢሆን የሀበሻ እንቁላልን የሚያህል የለም። ለዶሮ ወጥ የፈረንጅ እንቁላል አስቀምጦ እንግዳ መጥራት ነውር ነው።

አንዲት አባል፣ ኮምቦልቻ፦ ኧረ በአላህ! የፈረንጅ እንቁላል እኮ ነው ልጆቻችንን ያሳደገልን። በዓመት 50 እንቁላል ለማን ይደርሳል?

አንድ አባል፣ መርሳ፦ ብዛት ሌላ፣ ጣዕም ሌላ።

አንዲት አባል፣ ኮምቦልቻ፦ የኔን የፈረንጅ ዶሮ ግቢ ለቀህ ጎመን አብላትና እንቁላሏን ቅመሰው፣ ልዩነቱን ካወቅህ።

መልስ፦ የመጨረሻው እውነት ነው፤ ጣዕሙን የሚሠራው የምትለቅመው ነገር ነው። ፕሮቲኑ ግን በሁለቱም ያው ነው። በቃ፣ ወደ ቀለብ እንመለስ።

አንድ ወጣት፣ ወልድያ፦ ሆቴል ነው የምሠራው። ትርፍራፊ እንጀራ፣ ወጥ የነካው፣ የጁስ ቤቱ ልጣጭ በየቀኑ ይጣላል። ለአሥር ዶሮ ልውሰድላቸው? የሀበሻም ድቅልም ናቸው፣ ይለቀቃሉ።

መልስ፦ እንጀራውን አዎ። በዚያው ቀን ቆራርሰህ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ድርቆሽ አድርገህ በኬሻ አስቀምጠው። ወጥ የነካውን ተወው። በርበሬው አይደለም ችግሩ፤ ወፍ የሚባል ፍጥረት ማቃጠሉን አያውቀውም። ጨውና ዘይቱ ነው። ጨው የበዛበት ትርፍራፊ ዶሮ ይገድላል። ከጁስ ቤቱ ደግሞ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ እንዳይቀላቀል፤ ለወፍ መርዝ ነው። የፓፓያና የካሮት ልጣጭ ደህና ነው። አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭ አይሰጥም።

አንድ አባል፣ ደሴ፦ እንጀራው ትንሽ ሻግቶ ከሆነ ሻጋታውን ፍቄ ብሰጥስ?

መልስ፦ አይሰጥም አልኩ። ዓይንህ የሚያየው ላዩን ነው፤ ሥሩ ውስጥ ገብቷል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። ብትቆላውም ብትቀቅለውም አይጠፋም። የዶሮዋን ጉበት ይበላል፤ ወደ እንቁላሉ ያልፋል፣ እንቁላሉን ደግሞ ልጅህ ይበላዋል። እርጥበት ቤት የተቀመጠ በቆሎና ፋጉሎም እንደዚያው ነው። ፋጉሎ ስትገዙ ሰብራችሁ መሐሉን አሽትቱ።

አንድ አባል፣ ሀርቡ፦ እትዬ ምስጡን ረሱት?

መልስ፦ አልረሳሁም። ቆላ ያላችሁ ሰዎች የታደላችሁ ናችሁ። የተሰነጠቀ እንስራ ወይም ድስት ፈልግ። ጭድና ደረቅ የከብት እበት ሙላበት፣ ውሃ ረጭ ረጭ አድርግበት፣ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ማታ ምስጡ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ድፋው። ዳርና ዳሩን በአፈር ድፈነው፣ ላዩን በቅጠል ሸፍነው ፀሐይ እንዳይመታው። በማግስቱ ጠዋት ገልብጠህ ጫጩቶቹ ፊት አራግፈው። ጭዱ ውስጥ ነጭ በነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ዘግይተህ ፀሐይ ከጠነከረ ግን ወደ መሬቱ ተመልሶ ይገባል፣ ባዶ ጭድ ነው የሚጠብቅህ። ለጫጩት ከዚህ የተሻለ ቀለብ አላውቅም። ፕሮቲንም ስብም ነው፣ ዋጋ የለውም። ምስጥ ለማጥፋት ኬሚካል የተረጨበት ቦታ ከሆነ ግን በጭራሽ።

አንድ አባል፣ ባቲ፦ የጫት ገረባ ይበላሉ?

መልስ፦ አትስጡ። መድኃኒት ይረጭበታል።

ያው አባል፦ የቡና አተላስ?

መልስ፦ አይሆንም። እሱን ለጎመን መደቡ።

አንድ አባል፣ ደሴ፦ 500 ጫጩት አስገብቼ ልጀምር ነው። ስንት አተርፋለሁ? ማስፈልፈያ ማሽንስ የት ይገኛል?

መልስ፦ ስለ ንግድ ሌላ ሰው ጠይቅ። እኔ የማወራው ስለ ጓሮ ዶሮ ነው። አሥር ሳታረባ 500 አትጀምር፤ የምለው ይህን ብቻ ነው።

አንዲት እናት፣ ውጫሌ፦ ባለፈው ፈንግል ገብቶ ሁሉንም ፈጀብኝ። ምን መድኃኒት ልስጥ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ነው ያለው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በወረዳሽ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቂ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነውና ለብቻሽ አይወጣልሽም። ጎረቤት አስተባብሪ፣ ባንድ ቀን ሁላችሁም አስከትቡ። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። መልሶ መከተቢያውን ጊዜ ባለሙያው ይነግርሻል። የታመመ ዶሮ ቶሎ ብላችሁ ገበያ አታውጡ። በሽታውን ወደ ሰው ግቢ እየላካችሁ ነው።

አንዲት እናት፣ ደሴ አራዳ፦ አራት ቦቫንስ አሉን፣ በቀን ሦስት እንቁላል አይጠፋም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤት ውስጥ የሚበላው ትንሹ ልጅ ብቻ ነው። ምን ላድርገው? ቀለቡን ልቀንስባቸው?

መልስ፦ ቀለባቸውን እንዳትነኪ! ጾም ነው ብለው ዶሮ የሚያስርቡ ሰዎች አሉ። ዶሮዋ ላባዋን ታራግፋለች፣ መጣል ታቆማለች፣ ፋሲካ ሲደርስ ገና አልጀመረችም። እንቁላል የሚፈለገው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

በ55 ቀን ወደ 165 እንቁላል ነው የሚመጣልሽ። እኛ ወሎዎች ለዚህ አንቸገርም። አጥር ለአጥር ክርስቲያንና ሙስሊም ነን፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ይበላል። የጎረቤትሽ ልጆች በየቀኑ አንድ አንድ እንቁላል ቢያገኙ ጾሙ ለነሱም በረከት ነው። በረመዳን ደግሞ የነሱ ሳህን ወዳንቺ ይመጣል። በ2017 እና በ2018 ሁለቱ ጾም ሲደራረብ እንቁላሉ ለማፍጠሪያ ሄደ፤ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ለጎረቤት ማድረስ ነው። ከዚያ ያለፈውን በሰፈርሽ አራስ ካለች ለእሷ፣ የታመመ ካለ ለእሱ፣ መስጊድ አጠገብ ያሉ ደረሶች ካሉ ለእነሱ። ሩቅ አገር ትተው ለትምህርት የመጡ ልጆች ናቸው፤ እንቁላል የሚያዩት አልፎ አልፎ ነው።

ሌላም አለ። ጎረቤት የምታቅፍ የሀበሻ ዶሮ ካላት ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት እንቁላል አስታቅፉ። ቦቫንስ ራሷ አታቅፍም። እንቁላሉ አውራ ካለበት ግቢ ይሁን፣ ከሳምንት አይብለጠው። በ21 ቀን ይፈለፈላል። የሚፈለፈለውን በርቢ ተካፈሉት።

አንዲት አባል፣ ደሴ ሰኞ ገበያ፦ እኔ እንቁላል ሸጬ ነው ልጆቼን የማስተምረው። በጾም ዋጋው ይወድቃል። እናንተ ደግሞ በነፃ ስታድሉ ማን ይገዛናል?

አንድ አባል፣ ደሴ፦ ለጎረቤት እንቁላል መስጠትም ሊከለከል ነው?

አንዲት አባል፣ ሐይቅ፦ እሷ ልክ ናት። እኛ ሰፈር ደሞዝተኛው ሁሉ "ትርፍ ነው" እያለ በግማሽ ዋጋ ለሱቅ ይሸጣል። ከገጠር እንቁላል ተሸክማ የመጣች እናት ይዛው ትመለሳለች።

መልስ፦ ሁለቱን ለዩ። ለአራስ፣ ለደረሳ፣ ለጎረቤት ልጅ የሚሰጥ እንቁላል ሊገዛ የነበረ እንቁላል አይደለም፤ ያ የማንንም ገበያ አይነካም። በግማሽ ዋጋ ለሱቅ መስጠት ግን በእንቁላል የምትኖረውን ሴት ይጎዳል። ደሞዝ ያላችሁ ሰዎች ወይ ስጡ፣ ወይ በገበያው ዋጋ ሽጡ። ርካሽ መሸጥ መስጠት አይደለም። የሰኞ ገበያዋ እህቴ፣ ስለተናገርሽ አመሰግናለሁ።

አንድ አባል፣ ደሴ ሆጤ፦ ሦስት ጎረቤቶች የጎመንና የካሮት ልጣጭ ያመጡልኛል። ስንት ስንት እንቁላል ልስጣቸው? እንዳያኮርፉ ፈራሁ።

መልስ፦ በልጣጩ ኪሎ አትቁጠር፤ ነገር ይመጣል። ለእያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው ባልዲ ስጥ፣ በየማታው ሰብስብ። ሎሚ፣ የሻይ ቅጠል፣ ጨው የነካው፣ የሻገተ አይገባም በል፤ መጀመሪያውኑ ተናገር። እንቁላሉን በተራ አድርገው፤ የዚህ ሳምንት ለአንዱ ቤት፣ የሚቀጥለው ለሌላው። ዶሮዎቹ ላባ ሲያራግፉ ወይም ሲቀንሱ ቶሎ ንገራቸው። ቅሬታ የሚመጣው እንቁላል ሲጠፋ ሳይሆን ወሬው ሲጠፋ ነው። ዶሮ የሚያረቡ ከሆኑ ደግሞ የእንቁላል ትሪ አትዋዋሱ፤ በሽታ የሚዞረው በዚያ ነው።

አንዲት አባል፣ ኮምቦልቻ፦ ፉርሽካ ብቻ ብሰጥ ምን ችግር አለው? ርካሽ ነው።

መልስ፦ ከላይ አንቺው ከተማ ላለች እህት በዝርዝር መልሻለሁ። አንብቢው። ሁለት ጊዜ አልጽፍም።

አንዲት አባል፣ ከሚሴ፦ እንቁላል ፍሪጅ ሳይኖር ስንት ቀን ይቆያል? ሙቀት ነው እኛ ጋ። አጥቤ ነው የማስቀምጠው።

መልስ፦ መታጠቡን ተዪ። ቅርፊቱ ላይ ዓይን የማያየው ሽፋን አለ፣ ጀርም የሚከላከለው እሱ ነው። ኩስ ከነካው በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ደሴ ላይ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ እናንተ ጋ ያን ያህል አትመኚው። ቆላ ላይ ትልቁ ጠላት አውራው ነው። የተዳቀለ እንቁላል በዚያ ሙቀት ሳይታቀፍ ውስጡ ማደግ ይጀምራል። ጫጩት ካልፈለግሽ አውራውን ለዪ፤ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚጥሉት ባዶ ይሆናል፣ የተሻለ ይቆያል። ከተጠራጠርሽ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ከተኛ ትኩስ ነው፣ ከቆመ ቶሎ ብዪው፣ ከተንሳፈፈ ጣዪው።

አንድ ወጣት፣ ደሴ፦ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ 30 እንቁላል በአውቶቡስ ልልክላት ነው። ወልዳለች። እንዴት ይታሸግ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። ካርቶን ውስጥ የጤፍ ጭድ አንጥፍ። እንቁላሉን ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገህ አቁመው፣ እርስ በርስ አይነካካ። በየመሐሉ ጭድ ሙላ፣ ጠበቅ አድርገው እንጂ አታላላው። ስትነቀንቀው ድምፅ ከሰማህ እንደገና ክፈተውና ጨምርበት። ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ሰው እግር ሥር ይዞ ይሂድ። ትኩሱን ምረጥ፣ የዚህ ሳምንቱን ብቻ። ያልታጠበ።